«ያልተሸጡትን መጻሕፍት ይመልሱልኝ»፦ ፊሊስ ዊትሊ ለታላላቆች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች

(በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት እንኳ ሳትገቡ የደረሳችሁ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ምሽት ላዘጋጁትና ቡናውን ላፈሉልን እኅቶቼም ምስጋናዬ ይድረስ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ብራትል በሚባለው መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ቁጥር 105 ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ ትልቅ የእንጨት ቤት ያገኛል። ብዙዎቻችሁ በደጁ አልፋችኋል። ጆርጅ ዋሽንግተን ከ1775 ጁላይ እስከ 1776 ኤፕሪል ድረስ የጦር ጠቅላይ መምሪያውን ያደረገው በዚያ ቤት ነበር። እንግሊዞች ቦስተንን ይዘዋል፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ሆኖ ከተማዋን ከብቧል። በ1776 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን፣ ጄኔራሉ የማያስፈልጉ ወረቀቶችን መርጦ ለማስወገድ ክምሩን ሲያገላብጥ፣ ከሳምንታት በፊት ደርሶት ያስቀመጠው አንድ ደብዳቤና አንድ ግጥም እጁ ገባ። ይህን ራሱ ዋሽንግተን ለወዳጁ ለጆሴፍ ሪድ የጻፈው ነው። እስቲ አስቡት፤ ሊጣል ከነበረ የወረቀት ክምር መካከል የወጣ ደብዳቤ! ላኪዋ ፊሊስ ዊትሊ ትባላለች። ያኔ ከባርነት ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ሆኗታል።

ዛሬ ስለዚህች ሴት ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው፣ ብዕር ለመያዝ እንዴት እንደ በቃች ነው፤ እሱን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው፣ ለዘመኑ ታላላቅ ሰዎች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ሦስተኛው፣ ስለ መጽሐፏ ሽያጭ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሁለተኛውን ነው፤ እኔ ግን ሦስተኛው ይበልጥብኛል፤ ለምን እንደሚበልጥብኝም ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ልጅቱ ቦስተን ወደብ የደረሰችው በ1761 ጁላይ ነው። የመጣችው ከምዕራብ አፍሪካ፣ በባሪያ ንግድ መርከብ ተጭና ነበር። የፊት ጥርሶቿ ገና መውለቃቸው ስለ ነበር ዕድሜዋን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ብለው ገመቱ። የልጅ ዕድሜ በወለቀ ጥርስ ሲቆጠር አስቡት። ጆን ዊትሊ የተባለ የቦስተን ነጋዴ ለሚስቱ ለሱዛና አገልጋይ እንድትሆን ገዛት። የቤተሰቡን ስም ሰጧት፤ ፊሊስ ያሏት ደግሞ በመርከቡ ስም ነው። እናንተዬ፣ መርከቡ ራሱ «ፊሊስ» ይባል ነበር። ከእናቷ ጉያ ነጥቆ ያመጣትን መርከብ ስም ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ ኖረች፤ ለጄኔራሎችና ለሎርዶች በላከቻቸው ደብዳቤዎች ግርጌም የፈረመችው በዚሁ ስም ነው።

የቤቱ ልጅ ሜሪ ማንበብ አስተማረቻት። ጌታዋ በኋላ እንደ መሰከረው፣ በመጣች በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስን ከባድ ከባድ ክፍሎች ታነብ ነበር። የመጀመሪያ ግጥሟ በ1767 ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዚያው በ1767 ደግሞ ለዚህችው ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ለሃርቫርድ ተማሪዎች፣ ኃጢአትን እንዲሸሹ የሚመክር ግጥም ጻፈች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። በዚያ ግጥም ውስጥ ተማሪዎቹን ስትገሥጽ፣ ኃጢአት ታላቅ ጠላታችሁ እንደ ሆነ «አንዲት ኢትዮጵያዊት ትነግራችኋለች» ትላለች። በእርግጥ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ማለት፣ በመጽሐፍ ቅዱሱና በግሪኮቹ አነጋገር፣ ጥቁር ሕዝብ ማለት ነው፤ እሷም የተነጠቀችው ከምዕራቡ ዳርቻ እንጂ ከእኛ ምድር አይደለም። ቢሆንም ራሷን በክብር ልትጠራ ስትሻ የመረጠችው ቃል ይህ ነው። በ1774 በሮድ አይላንድ ለሚኖር አንድ ሰባኪ በጻፈችው ደብዳቤም «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የዳዊትን ቃል ጠቅሳለች። እኔ ያደግሁት ይህ ቃል በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው፤ ከቦስተን የተላከ የ18ኛው መቶ ዘመን ደብዳቤ ውስጥ ሳገኘው እንባዬ መጣ።

በ1772 መጽሐፍ ለማሳተም ተነሣች። የዚያ ዘመን ልማድ እንዲህ ነበር፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ስሙን ያስመዘግባል፤ የተመዝጋቢው ቁጥር ሲሞላ ማተሚያ ቤቱ ሥራ ይጀምራል። ከቦስተን የተፈለገው 300 ተመዝጋቢ ነበር። 300 ሰው! አልተገኘም። ጥቁር ልጅ ይህን ጽፋለች ብሎ የሚያምን ስላነሰ፣ አገረ ገዥው ቶማስ ሃችንሰንና ጆን ሃንኮክ ያሉበት 18 የቦስተን ሹማምንት፣ ነጋዴዎችና ቀሳውስት የግጥሞቹ ባለቤት እሷ መሆኗን መስክረው ፈረሙ። ምስክርነቱ በመጽሐፏ መግቢያ ታትሟል። አንድ ጸሐፊ የገዛ ሥራው የራሱ መሆኑን 18 ሰው እስኪፈርምለት ድረስ የማይታመንበትን ዘመን ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ በመጨረሻ የታተመው ባሕር ማዶ፣ ለንደን ውስጥ፣ በ1773 ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ስገባ ስለ አባቴ ትንሽ እንድናገር ፍቀዱልኝ። አባቴ ደሴ ውስጥ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ በእኛ ሰፈር አነጋገር ራፖር ጸሐፊ ይባላል። አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ከወረቀቶቹ መካከል የሚገባ ሰማያዊ ካርቦን ነበረው። መሬቷን የተነጠቀች ባልቴት፣ ልጁ የታሰረበት ገበሬ፣ ጡረታው የቆመበት ወታደር እየመጡ ይነግሩታል፤ እሱም ዝም ብሎ ሰምቶ ይጽፋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጠገቡ ቁጭ እል ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ «ጋሼ፣ እንደ ውሻ ከእግራቸው ሥር ወድቄ ብለው ይጻፉልኝ» አለው። አባቴ እጁን ከመኪናው አነሣና «ልጄ፣ ክብራቸውን እጽፋለሁ፤ ያንተን ውርደት ግን አልጽፍም» አለው። ፊሊስ ለታላላቆቹ የጻፈችውን ባነበብሁ ቁጥር ይህ የአባቴ ቃል ትዝ ይለኛል። እሷም የተቀባዩን ክብር ሳታጓድል፣ የራሷንም ሳትጥል ነው የጻፈችው።

የመጀመሪያውን ምሳሌ እንይ። በ1772 ሎርድ ዳርትመዝ በእንግሊዝ መንግሥት የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በዚያ መጸው አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ወደ ዊትሊ ቤት መጥቶ የልጅቱን ችሎታ ሊፈትን ፈለገ፤ የአዲሱን ሹም ስም ሰጥቶም ስለ እሱ ጻፊ አላት። እሷ እዚያው እፊቱ ተቀምጣ የግጥሙንና የደብዳቤውን ረቂቅ ጻፈች፤ ነጋዴውም ለሎርዱ አደረሰው። ሊፈትናት የመጣ ሰው መልእክተኛዋ ሆነ።

ነገር ግን ምን ጻፈች? በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ነጮች የለንደን ፓርላማ ባሪያ አደረገን እያሉ ያማርሩ ነበር። ፊሊስ ይህንኑ ቃላቸውን ይዛ፣ ለሚኒስትሩ እንዲህ አለችው፤ ጌታዬ፣ ዜማዬን ሲያነቡ ይህ የነጻነት ፍቅሬ ከየት እንደ መነጨ ቢደነቁ፣ እኔ በለጋነቴ ከአፍሪካ ምድር የተነጠቅሁ ነኝ፤ የወላጄን ልብ ምን ዓይነት ሥቃይ አንገብግቦት ይሆን? የእኔ ነገር ይህ ነው፤ እንግዲህ ሌሎች የግፍ አገዛዝን እንዳይቀምሱ ከመጸለይ በቀር ምን ላድርግ? ይህን የምትናገረው በሕግ የሰው ንብረት የሆነች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ናት፤ የምትናገረውም ለንጉሥ ሚኒስትር ነው። አንዲት ቃል ልመና አለችበት? የለችበትም። አለቀሰች? አላለቀሰችም። ሰው ባሪያ ማለት ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ከፈለገ ከእኔ ይጠይቅ ብላ ምስክርነቷን ነው የሰጠችው።

በ1773 በጋ ለንደን ስትሄድ ያው ሎርድ ዳርትመዝ ተቀብሎ አነጋገራት፤ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የአሌክሳንደር ፖፕን ሥራዎች እንድትገዛበትም አምስት ጊኒ፣ የዘመኑን የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ፣ ሰጣት። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ያኔ ለንደን ነበር፤ ያለችበት ቤት ድረስ ሄዶ የምትፈልገው ነገር ካለ ሊረዳት እንደሚችል ነገራት። ፍራንክሊን በጁላይ ለዘመዱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንደምናነበው፣ ጌታዋ ቤት ውስጥ ነበር፤ እሷን ወደ እንግዳው ልኮ ራሱ ግን ወደ ክፍሉ አልገባም፤ ፍራንክሊንም ጉብኝቱ ሰውየውን ደስ እንዳላሰኘው ተሰምቶት ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ምንም አልሰማሁም ይላል። ይህችን መስመር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ቢጫው ቤት እንመለስ። ፊሊስ በ1775 ጦርነቱን ሸሽታ ሮድ አይላንድ ውስጥ ፕሮቪደንስ ነበረች። ኦክቶበር 26 ቀን ለዋሽንግተን ጻፈች። ግጥሙ ኮሎምቢያ በተባለች ሴት አምሳል አገሪቱን ይሥላል፤ ጄኔራሉን ያወድሳል። ደብዳቤዋ አጭር ናት፤ ግጥሙ ጉድለት እንዳለበት አውቃለሁ ትላለች፤ በጀመሩት ታላቅ ዓላማ መልካሙን ሁሉ እመኝልዎታለሁ ብላ ታበቃለች። ዋሽንግተን የመለሰላት በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1776 ነው። መጀመሪያ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ደብዳቤዋ የደረሰው በዲሴምበር አጋማሽ ነበርና። ቀጥሎ የግጥም ችሎታዋን አደነቀ፤ ግጥሙን በጋዜጣ ላወጣው አስቤ ነበር፤ ለራሱ ውዳሴ ሲል አሳተመ እባላለሁ ብዬ ተውሁት አለ። ወደ ካምብሪጅ ወይም ወደ ጦር መምሪያው አካባቢ ከመጡ ላገኝዎት ደስ ይለኛል ብሎ ጋበዛት፤ በመጨረሻም «ታዛዥና ትሑት አገልጋይዎ» ብሎ ፈረመ።

ይህ ፊርማ የዘመኑ የደብዳቤ ወግ ነው፤ ያን አውቃለሁ። ቢሆንም በቨርጂኒያ እርሻው ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት የያዘ ጌታ፣ ከባርነት ለወጣች ሴት «አገልጋይዎ» ብሎ ሲፈርም፣ ያን ወረቀት እጇ ላይ ይዛ ምን አስባ ይሆን? ወጉን እኩል ለእኩል እንዲመልስላት ያደረገው ምንድን ነው? እንደ እኩል ስለ ጻፈችለት ነው። ለማኝ ብትሆን ኖሮ ሳንቲም ይሰጣት ነበር፤ ደብዳቤ ግን አይመልስላትም ነበር። ግጥሙም ሳይታተም አልቀረም፤ በዚያው በ1776 ጸደይ በጋዜጣም በመጽሔትም ወጣ፤ መጽሔቱን ያዘጋጅ የነበረው ቶማስ ፔን ነው።

ውድ አድማጮቼ፣ ይህ ሁሉ ክብር ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ክብር ዳቦ ይገዛል ወይ?

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሳለሁ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፌን በራሴ ገንዘብ አሳተምሁ፤ አንድ ሺሕ ቅጂ። አንዱን በጥሩ ወረቀት ጠቅልዬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ደብዳቤ ጽፌበት፣ ለአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ የቢሮው ማኅተም ያረፈበት፣ ቲተር የተመታበት፣ «በርቺ» የሚል ያማረ ደብዳቤ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ። ደብዳቤውን መስታወት አስገብተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ከሥሩ ባለው አልጋ ስር ግን ዘጠኝ መቶ የሚሆነው መጽሐፍ በካርቶን ተደርድሮ ነበር። በዚያ ወር የቤት ኪራይ የከፈልሁት በታናሽ ወንድሜ ደመወዝ ነው። ይህን ስል ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ የጻፈልኝ ከልቡ ነበር። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ፊሊስ አንድ ነገር ገባኝ። የታላላቆችን መልስ የሚያነብ ሰው ከላይ ያለውን ማኅተም ያያል፤ ጸሐፊው ግን ከሥሩ ያለውን ካርቶን ነው የሚያየው።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ልግባ። በኦክቶበር 18 ቀን 1773 ፊሊስ ኒው ሄቨን ለሚኖረው ለዴቪድ ዉስተር ጻፈች። ነጋዴ ነው፤ በኋላ ጄኔራል ሆኖ በጦርነቱ የሞተ ሰው ነው። ደብዳቤው የተጠበቀው ወንዙን ተሻግሮ፣ ቦስተን ቦይልስተን መንገድ ላይ ባለው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ነው። ለንደን ያየችውን ትተርክለታለች፤ ያገኘቻቸውን ሰዎች ትዘረዝርለታለች። ከዚያ፣ እንግሊዝ ባሉ ወዳጆቼ ጥያቄ ጌታዬ ነጻነቴን ሰጠኝ ትላለች። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የነጻነት ወረቀቱ፣ ጌታዋ ቢሞት ወራሾቹና ንብረት አጣሪዎቹ እሷንም ሆነ ንብረቷን እንዳይነኩ ተደርጎ መጻፉን ትገልጻለች፤ ቅጂውም ለንደን ለአንድ ታዋቂ ሰው መላኩን ትነግረዋለች።

ቅጂውን ባሕር ማዶ ላከች! በእኛ የቢሮ ቋንቋ ይህ ምንድን ነው? ግልባጭ ነው። አባቴ ካርቦኑን ከወረቀቶቹ መካከል ሲያስገባ «ዋናው ቢጠፋ ግልባጩ ይናገራል» ይል ነበር። ይህች የሃያ ዓመት ወጣት ነጻነት የሚጠፋ ወረቀት መሆኑን አውቃ፣ የቦስተን እጅ በማይደርስበት ቦታ ግልባጩን አስቀመጠች። ስለ እሷ የሚጻፈው ሁሉ በሙዚየም እንዳለ ሥዕል የዋህና ጸሎተኛ አድርጎ ያቀርባታል፤ እኔ እዚህ ደብዳቤ ላይ የማያት ግን ሥራዋን የምታውቅ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አስቀድማ የምታይ ሴት ናት።

ቀጥላ ወደ መጽሐፉ ትገባለች። መጻሕፍቴ ከለንደን በካፒቴን ሆል መርከብ በስምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይደርሳሉ ትላለች። ያ መርከብ ስሙ «ዳርትመዝ» ነው፤ የጫነው ሻይ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን ቦስተን ወደብ ውስጥ የተደፋው መርከብ። የአሜሪካ ልጆች ሁሉ ስለ ሻዩ በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ በዚያው መርከብ ሆድ ውስጥ የአንዲት ጥቁር ገጣሚ መጻሕፍት እንደ መጡ ስንቱ ያውቃል? ከሽያጩ ግማሹ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ተመዝጋቢዎችን ያፈላልጉልኝ፤ አሁን በራሴ እግር የቆምሁ ነኝ፤ ከዚህ የማገኘው ሁሉ የራሴ ነው፤ ዋናው መተዳደሪያዬም ይኸው ነው ትላለች። በመጨረሻም፣ የኒው ሄቨን አታሚዎች መጽሐፌን እንዳያትሙ ይንገሩልኝ፤ ትልቅ ጉዳት ነውና፤ ከእንግሊዝ ከመጡት ቅጂዎች የማገኘውን ጥቅም ያስቀሩብኛል ብላ ትለምናለች።

ይህን ያነበበ ሰው፣ እዚህ ውስጥ ግጥሙ የት አለ ሊል ይችላል። እኔ ግን ይህች ደብዳቤ ለጄኔራሉ ከጻፈችው ትበልጥብኛለች እላለሁ፤ ደግሜም እላለሁ። ለዋሽንግተን የጻፈችው የገጣሚ ደብዳቤ ናት፤ ለዉስተር የጻፈችው የደራሲ ደብዳቤ ናት። ባለፈው ዓመት ራሷ በሰው ስም የተመዘገበች ንብረት ነበረች፤ ዛሬ «ንብረቴ» ትላለች። የገዛ ሥራዬን ሌላ ሰው አትሞ እንዳይሸጥብኝ ማለት፣ ይህን የጻፈው እጅ የእኔ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የ18 ሰው ፊርማ አልጠየቀችም።

እምቢ ማለትንም ታውቅበት ነበር። በ1774 ለንደን የሚኖር አንድ ባለጸጋ፣ ጆን ቶርንተን፣ አግብታ ወደ አፍሪካ ለስብከት እንድትሄድ የቀረበላትን ሐሳብ ደግፎ ጻፈላት። የአናማቦን፣ የዚያን የምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ ቋንቋ ፈጽሞ አላውቅም፤ እዚያ ስደርስ ለአገሬው እንግዳና ባዕድ ሆኜ ነው የምታየው ብላ በትሕትና መለሰችለት፤ አልሄደችም። እመቤቷ ሱዛና በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሞታ ነበር፤ ከቤቱ የሚመጣው ድጋፍ እየሳሳ ባለበት ጊዜ ነው ለባለጸጋ እምቢ ያለችው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ተበተነ፤ የለንደን መንገድ ተዘጋ። ዴቪድ ዉስተር በ1777 ቆስሎ ሞተ። በ1778 ጆን ዊትሊም ሞተ፤ በዚያው ዓመት ጆን ፒተርስ የተባለ ነጻ ጥቁር ሰው አገባች። በጁላይ 1778 ለዉስተር ሚስት ለወይዘሮ ሜሪ የኀዘን ግጥም ላከችላት። ከግጥሙ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳይሸጡ የቀሩትን መጻሕፍት በመጀመሪያ በሚገኘው መንገደኛ ይመልሱልኝ፤ የተሸጡትንም ሒሳብ ይላኩልኝ፤ እዚህ አንዱን በ12 ሺሊንግ በቀላሉ ልሸጠው እችላለሁ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ፣ በለቅሶ ቤት ስለ ሒሳብ ይጠየቃል እንዴ ብሎ ይከፋዋል። እኔ አልከፋኝም። አልጋ ስር የቀሩትን መጻሕፍቴን በኋላ አንድ መደብር ሸጦ ሊከፍለኝ ተረክቦኝ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም። ለሁለት ዓመት ያህል ተመላልሼ ገንዘቡንም መጻሕፍቱንም ሳላገኝ ቀረሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ ኀዘን ላይ ተቀምጦ ነበርና ለቅሶ ደረስሁት፤ ስለ መጻሕፍቱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እዝን በልቼ ወጣሁ። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ፊሊስ ያለቀሰችው ከልቧ ነው፤ ግጥሙ ይመሰክራል። ነገር ግን በቤቷ ምን እንደ ጎደለ ስለምታውቅ፣ እኔ ያፈርሁበትን እሷ በቅን ቃል ጠየቀች።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ መስመር እመለሳለሁ። ኦክቶበር 30 ቀን 1779 የቦስተን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ 33 ግጥሞችና 13 ደብዳቤዎች የያዘ፣ 300 ገጽ ያህል የሆነ ሁለተኛ መጽሐፍ። ደብዳቤዎቹን ከግጥሞቹ ጋር፣ እንደ ሥራዋ አካል አድርጋ ልታሳትማቸው ነበር፤ ለሎርድ ዳርትመዝ የጻፈችውም ከዝርዝሩ አለበት። ዋጋው ተጠርዞ 12 ፓውንድ፣ በሰማያዊ ወረቀት ተሰፍቶ 9 ፓውንድ፤ የዘመኑ ገንዘብ በጦርነቱ ዋጋው የወደቀ ነው። ግማሹ ሲመዘገቡ የሚከፈል ነው፤ ቀብድ መሆኑ ነው። መጽሐፉ የተበረከተውስ ለማን ነው? በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የአሜሪካ አምባሳደር ለሆኑት ለክቡር ቤንጃሚን ፍራንክሊን። ከስድስት ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ፣ በባርነት ሳለች፣ የምረዳሽ ነገር ካለ ያላት ያ ሰው አሁን 73 ዓመቱ ነው፤ የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ ሆኗል። እሱ «ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ምንም አልሰማሁም» ብሎ ነበር። እሷ ግን አልረሳችውም።

ተመዝጋቢ አልተገኘም። መጽሐፉ አልታተመም። ረቂቁም ጠፋ፤ አብዛኞቹ ግጥሞች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ያ መጽሐፍ ግልባጭ አልነበረውም።

ስለ ቶማስ ጄፈርሰን ከናንተ መካከል ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ በአንድ ቃል አልፈዋለሁ። ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ስሟን እንኳ አዛብቶ ጠርቶ፣ ሃይማኖት ይህችን ሴት አስገኝቷል፣ ገጣሚ ግን ሊያስገኝ አልቻለም፤ በስሟ የወጡት ጽሑፎች ለትችት እንኳ አይበቁም አለ። መጽሐፉ ሲታተም እሷ በሕይወት ስላልነበረች መልስ አልሰጠችም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1784፣ ስለ ነጻነትና ስለ ሰላም ግጥም አሳተመች፤ የፈረመችው ፊሊስ ፒተርስ ብላ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ስለዚያው ሁለተኛ መጽሐፍ እንደገና ማስታወቂያ አወጣች፤ ተስፋ አልቆረጠችም። ዲሴምበር 5 ቀን 1784 ቦስተን ውስጥ በድህነት ሞተች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ገደማ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏ አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣው በ1786 በፊላደልፊያ ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላ።

ለዴቪድ ዉስተርና ለወይዘሮ ሜሪ የጻፈቻቸውን የሁለቱን ደብዳቤዎች ጽሑፍ አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እያነበባችሁ ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፤ ለልጆቹም ስጧቸው። ያልተሸጡትን ይመልሱልኝ የምትልበትን መስመር በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ወረቀቶቹ ዞረው ሲያበቁ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።